ሰው የማይጠራበት ዝክር

ደሳንካ ሻማውን ለኩሳ፣ ዓሣውን ምድጃ ከታ፣ ንፍሮውን በስኳርና በለውዝ አሽታ ስታበቃ ወንበሮቹን ቆጠረች። ስምንት! ለማን ብላ እንደደረደረቻቸው እሷም አታውቀው። የቅዱስ ኒኮላ ዝክር የባሏ የራዶሚር ነበር፤ እንግዶቹም የእሱ ነበሩ። እሱ ካለፈ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከወዳጆቹ ግማሹ አፈር ገብቷል፣ ግማሹ ልጆቹን ተከትሎ ኦስትሪያ ገብቷል። ልጇም ፈቃድ ከለከሉኝ ብሎ ደውሏል። በእሷ ከተማ፣ በሰርቢያዋ ሎዝኒጻ ደግሞ ለዝክር ሰው አይጠራም። እንግዳ ራሱ አውቆ ይመጣል፤ ለምኖ መጥራት ነውር ነው።

«ዛሬ ሰው ካልመጣ የዚህ ቤት ነገር አበቃ» አለች።

ስልኳ ጮኸ። ቀይ ቃሪያ ጠብሰው አይቫር ስለሚሠሩበት ዘዴ ሊማከሩ የከፈቱት የኢንተርኔት ቡድን ነው። ምክሩ ካለቀ ሦስት ዓመቱ፤ የቀረው መሰዳደብ ብቻ ነው። ነገር የጀመረው ክሮኤሺያዊው ቲሆሚር ነበር።

«ደሳንካ፣ የትናንት ጽሑፍሽን ያለ አስተርጓሚ አነበብኩት እኮ! ዲፕሎማ ይገባኛል።»

«ቋንቋችንን ወስደህ ስም ቀየርክለት፤ ደግሞ ዲፕሎማ? ዓይን አውጣ!»

«ተዉ እናንተ!» አለች ከድሪና ወንዝ ማዶ፣ ከቦስኒያ፣ ኤኒሳ። «የምታወሩት የእኔን ነው፤ አጣመማችሁት እንጂ።»

«እኛ ገናን በልተን ዛፉን ስናወርድ ደሳንካ ገና ጾም ላይ ናት» አለ ቲሆሚር።

«አንተ መቼ ጾመህ ታውቅና!»

«እኔ የሁለታችሁንም ገና እበላለሁ» አለች ኤኒሳ። «የሙስሊም ጎረቤት መሆን እንዲህ ነው!»

ደሳንካ ብቻዋን ሳቀች። ወዲያው ቲሆሚር፣ «ለመሆኑ ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ጠየቀ። ኑልኝ ማለት እንዴት አማራት! ግን አይሆንም። «ቤት ነኝ» ብላ ጻፈች። ከዚህ በላይ መጮህ አትችልም።

«ጎሽ፣ እረፊ» አለና ጠፋ።

ኧረ የዚህ ሰውዬ ነገር! ግን ምን ያድርግ፤ በእሱ አገር ሳይጠሩ መሄድ ነው የሚያሳፍረው። ኤኒሳም ድምጿ ጠፋ።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፤ ዓሣው ደረቀ። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ደሳንካ እያለቀሰች ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። አራተኛውን ስታነሳ በሩ ተንኳኳ።

ኤኒሳ ናት፣ ትሪ ታቅፋ።

«እታለም፣ እንኳን አደረሰሽ! ባቅላቫው በዘይት ነው፤ ቅቤ ጠብ አላለበትም፣ ጾምሽን አውቃለሁ። ቤትሽን በላክሽልኝ የአይቫር ካርቶን ላይ ካለው አድራሻ ነው ያገኘሁት። የዘገየነው ይሄን ድንጋይ ራስ ሰውዬ ድንበር ላይ ስጠብቅ ነው።»

ከኋላዋ ቲሆሚር ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቆሟል። በስልክ እንደዚያ የሚለፈልፈው ሰው ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ኤኒሳ ናት ጎትታ ያመጣችኝ» አለ። «እሷ ከሰርቦች ጋር ስላደገች፣ ለዝክር ሰው አይጠራም ብላ ጮኸችብኝ። እኔ እንኳ ሳልጠራ... ካስቸገርኩ ልመለስ።»

ደሳንካ ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ ቀደማት። ሳህኖቹን እንደያዘች በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

«ግባ አንተ! አንዴ የመጣ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሕጉ ይሄ ነው። ለከርሞም አልጠራህም።»