የሚራገጥ አስተማሪ ፍለጋ

ልጆቼ፣ እኔ ማሜ ዕድሜዬን በጊኒር ገበያ በቅሎ ስገዛ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀለም ብዙ አልቆጠርኩም፤ በቅሎ ግን አውቃለሁ። ገዢ ከኋላዋ ቆም ይልና ታፋዋን ድንገት ነካ ያደርጋል። ከተራገጠች ትቷት ይሄዳል።

አሁን የምኖረው ሮቤ፣ ልጄ ኡሙሰልማ ቤት ነው። የእሷን ልጅ ሰቢሪናን ጎረምሶች ቦርሳዋን ነጥቀው ቦይ ውስጥ ገፈተሯት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ብቻዬን ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። አጃቢ እኔ ሆንኩ። ጉልበቴን የምታውቁ፣ ማን ማንን እንደሚያጅብ አትጠይቁኝ።

«አባ፣ ቴኳንዶ ትማር እስቲ። አስተማሪውን እርስዎ ይምረጡላት» አለችኝ እናቷ።

የእኔን ብልሃት እዩልኝ እንግዲህ! የምትራገጥ በቅሎ መጥፎ ከሆነች፣ የሚራገጥ አስተማሪ ጥሩ ነው አልኩ።

መጀመሪያ እዚያው ሮቤ ዋንጫና ፎቶ የሞላበት አዳራሽ ገባን። ማስተር ዘሪሁን የሚሉት፣ አንገቱ የሰንጋ አንገት፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተማሪዎቹ ላይ ይጮኻል። ሹልክ ብዬ ከኋላው ተጠጋሁና ታፋውን ነካ አደረግኩት።

ቀጥሎ ያየሁት ጣሪያውን ነው።

«ምን ነክቷቸው ነው እኚህ ሽማግሌ?» ብሎ ማስተሩ ሳቀ፤ ተማሪዎቹም አብረውት ሳቁ። እኔ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ፣ «ማሻአላህ! አገኘነው! ሰቢሪና፣ ነይ ተመዝገቢ!» እላለሁ።

ሰቢሪና ግን ወጥታ ነበር። ደጅ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት።

«አባባ፣ እነዚያም ጥለውኝ እንዲህ ነው የሳቁት።»

ምን ልበላችሁ፣ ከወገቤ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

በሌላ ቀን በሚኒባስ ጎባ ሄድን። እዚያ ኤደን የምትባል ቀጭን ልጅ ታስተምራለች። ሰው ከወደቀ በኋላ ይማራል ይባላል፤ እኔ ምኑን! ሴት ናትና ታፋውን ትቼ ትከሻዋን ከኋላ ነካ አደረግኩ። ዞር ብላ ክንዴን ደገፍ አደረገችኝ።

«አካም ጂርቱ፣ እንዴት ነዎት አባባ? አዞረዎት እንዴ? ይቀመጡ።»

በሆዴ «ይቺማ አትራገጥም፤ በከንቱ ደከምን» አልኩ።

ኤደን ሰቢሪና ፊት ቁጢጥ አለች። «ምን ትፈሪያለሽ?»

«መውደቅ።»

«እኔም እፈራ ነበር። በይ አብረን እንውደቅ» ብላ ፍራሹ ላይ ዱብ አለች። ሰቢሪና ጫማዋን አውልቃ ተከተለቻት። ሲወድቁ ሲነሱ ቆዩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ክርኑን ሲመታው ኤደን ሁሉን አስቁማ ክርኑን አየችለት። የሳቀ አልነበረም።

«እርስዎስ አይሞክሩም አባባ?»

«እኔ ሮቤ ላይ ተመርቄያለሁ» አልኳት።

እንዲህ ስንመላለስ ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ሰቢሪና ደጃችን ላይ አስቆመችኝ።

«ዛሬ ብቻዬን ነው የምሄደው። እርስዎ ቤት ይግቡ።»

«እሺ» አልኩ። ሆዴ ግን አልቻለም፤ ከአንድ የፈረስ ጋሪ ጀርባ ተከልዬ ተከተልኳት። እነዚያ ጎረምሶች መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ከዘራዬን ጨበጥኩ። አንደኛው ተነስቶ መንገዷ ላይ ቆመ። ሰቢሪና አልሮጠችም፣ አልተመለሰችምም፤ ቀጥ ብላ አየችው።

«አሳልፈኝ!» አለች፣ ያ ሁሉ መንደር እስኪሰማ።

ልጁ ገለል አለ። እሷም አለፈች።

እኔ በደስታ ፈዝዤ ጋሪው ጥሎኝ መሄዱን አላወቅኩም። መንገዱ መሃል ብቻዬን፣ ጎንበስ እንዳልኩ ቀርቻለሁ።

«አባባ! ቤት ይግቡ አላልኩም?» ብላ ከሩቅ ጮኸች።

ጎረምሶቹ ሳቁብኝ። እኔም ከዘራዬን አንስቼላት ወደ ቤቴ ዞርኩ።