የድንበር ቁንጥጫ

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ የደንበኛ ነው፤ ሌላው ላይ ሰው ሲጠፋ እኔ እቀመጣለሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እያለቀ ያለው የእኔው ነው።

ያን ቀን የገባው ሽማግሌ ፀጉር አለው ለማለት ያስቸግራል። "አላወቅከኝም?" አለኝ። እንዴት አላውቀው! የባለርስቱ ልጅ ነው።

ይህ ሰፈር ድሮ የአባቱ ርስት ነበር። ለቅድመ አያቱ ንጉሥ ሰጠው፤ የእኔ አባት ጭሰኛ ሆኖ ያርሰዋል፤ የምርቱ እኩሌታ ወደ እነሱ ጎተራ ይገባል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ባለርስቱ አንድ ልጅ ይዞ ድንበሩን ይዞራል፤ በየድንጋዩ ጆሮውን ይቆነጥጥና "ይህችን ቦታ እንዳትረሳ!" ይለዋል። ያመመው ልጅ አድጎ ይመሰክራል። ታዲያ የገዛ ልጁ ገና ሳይቆነጠጥ ሲያለቅስ አንጀቱ አልችል አለና የእኔን ጆሮ ተዋሰ። ጭሰኛ መቼም ያለውን ይሰጣል።

ኋላ ርስቱ በአዋጅ ተወረሰ፤ ድንጋዮቹንም መንገድና ፎቅ ዋጣቸው።

"መሬቱን ፈልጌ አልመጣሁም" አለ። "እናቴን ነው።"

እናቱ የተቀበረችው ከአንዱ የድንበር ድንጋይ ሥር ነው። መቃብር የሚገፋ ጎረቤት የለም ብሎ አባቱ ሞታም ዘበኛ አደረጋት።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? አንተ ታውቀዋለህ። አሳየኝ፤ አንዴ ቆሜበት ልሂድ። ሌላ ማንም የለኝም።"

ክፉኛ ተፈተንኩ። ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ደጃፍ ወስጄ "እዚህ ናት" ብለው ያምነኛል። ምናልባት እየተመላለሰ ይጎበኛታል፤ እኔም ሰው አገኛለሁ።

"ቁንጥጫውን አልረሳሁትም ጌታዬ" አልኩት። ጌታዬ ያልኩት አፌ ለምዶበት ነው፤ በራሴ ተናደድኩ። "የአባትዎን ጥፍር ዛሬም አውቀዋለሁ። ድንጋዩን ግን ረስቼዋለሁ።"

የደንበኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሌላ የማደርግለት ቢጠፋኝ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሬ ያችኑ ያለችውን ፀጉር ማስተካከል ጀመርኩ። ጆሮውን አጠፍ ሳደርገው ዓይኑን ጨፈነ። ማንም ያልቆነጠጠው፣ ለስላሳ ጆሮ ነው።

"አውቶብሴ ሊነሳ ነው" አለ ስጨርስ። "ከእንግዲህ ወደዚህ የሚመልሰኝ ነገር የለም።"

በመስታወቱ ሁለታችንን አየሁ። ያንን እርሻ የሚያውቅ ከእኛ ሌላ በሕይወት የቀረ የለም። ጆሮውን ያዝኩና አጥብቄ ቆነጠጥኩት።

"ይህችን ቦታ እንዳትረሳ" አልኩት።