የአቶ ፈዬራ ጋሪ

ከዘውዱ በዓል በኋላ ከአዲስ አበባ በባቡር ወርዶ በአዋሽ ዳር ፍል ውሃ መታጠብ የጌቶች ልማድ ሆነ። ስለዚህ በአዳማ ጣቢያ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ የነበራቸው አቶ ፈዬራና ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች ቤታቸውን ሊያድሱ ቆረጡ። የሣሩ ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ተመታ፤ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፤ የጠፍር አልጋዎቹም እንደ ገና ተወጠሩ። ሆኖም አንድ ግሪካዊ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለ ፎቅ ሆቴል ስለ ነበረው፣ መንገደኛው ወደ እነርሱ ካልዞረ ልፋታቸው ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አቶ ፈዬራ ጣውላ ሊያመጡ ወደ ደራ ሲነሡ ቀለም ቀቢውን ሀሰንን ጠርተው፣ ቤታቸው ጋሪ መሆኑን ከሩቅ የሚያይ ሁሉ እንዲያውቅ በሰሌዳ ላይ ሥዕል እንዲሥል አዘዙት። ጋሪ በኦሮምኛ መልካም ማለት ነው፤ እሳቸውም ሲቸኩሉ ሁለቱን ቋንቋ ያደባልቁ ነበር። ሀሰን ግን ከወሎ በቅርቡ የመጣ ሰው ነው። ቤት እንዴት ጋሪ እንደሚሆን ባይገባውም ታዛዥ ነበርና፣ ሁለት ነጫጭ ፈረሶች የሚስቡትን ባለ ቀይ መንኰራኩር ጋሪ አሳምሮ ሣለ።

አቶ ፈዬራ ሲመለሱ ገበያተኛው ፈረሶቹ ገብስ በልተው እንደ ሆነ ይጠይቃቸው ጀመር። ወይዘሮ አማረች ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ሀሰን አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ወላሂ ያሉኝን ነው የሣልሁት» አለ። እሳቸውም ጥፋቱ የምላሳቸው እንጂ የብሩሹ አለመሆኑን አምነው፣ ሰሌዳው በማግስቱ እንዲቀየር ተስማሙ።

ከዚያ በፊት ግን ባቡሩ ደረሰ። ሦስት ጌቶች የግሪኩን ፎቅ አልፈው በቀጥታ ወደ እነርሱ ደጅ መጡ። ሸምገል ያሉት፣ አቶ ሰብስቤ የሚባሉ ነጋዴ፣ ሳምንቱን ለመሰንበት ማሰባቸውን ነግረው፣ ጋሪው በየጠዋቱ ወደ ፍል ውሃው እንዲያደርሳቸው ጠየቁ። ወይዘሮ አማረች ከእንግዶቹ ጀርባ ሆነው ባላቸው እሺ እንዲሉ ራሳቸውን በብርቱ ነቀነቁ። ዛሬ እሺ ብሎ ነገ ፈረሱ አነከሰ ማለት ቀላል ነበር፤ እንዲህ ባለ ቀላል ነገር የሚሞላ ቤትም ብዙ ነው።

«ጌታዬ፣ ጋሪ የለንም» አሉ አቶ ፈዬራ፣ የሰሌዳውንም ነገር ሳይሸሽጉ አስረዱ።

ሁለቱ ጐልማሶች እየተሣሣቁ ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ ግሪኩ ሄዱ። ወይዘሮ አማረች ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «እንግዲህ እውነትዎን አልጋ ላይ ያስተኟት» አሉ።

አቶ ሰብስቤ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። «ስለ ጋሪው ያልዋሸኝ ሰው ስለ አልጋው ይንገረኝ። ትኋን አለው?»

«እስከ ትናንት ነበረው፤ ትናንት ጠፍሩን በፈላ ውሃ ነከርነው።»

ወይዘሮ አማረች በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሽማግሌው ግን ከት ብለው ሥቀው ገቡና ጫማቸውን ሊያወልቁ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ አማረች ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አዩና፣ ለእንግዳው የእግር ውሃ ሊያሞቁ ፈጠን ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።