ሰብሊ የተሸነፈችበት ክርክር

የካዛንቺስ የክርክር ማኅበር የዓመቱን ርዕስ የሚመርጡለት ሊቀመንበሩ፣ ጡረተኛው መምህር ጋሼ ወዳጆ ናቸው። መርጠውም አያበቁም፤ የሚጥማቸውን ወገን ቀድመው ይይዛሉ። አንድ ዓመት “ጤና ይበልጣል ወይስ ሀብት?” አሉና ጤናን ወሰዱ። አምና ደግሞ “ትጋት ይሻላል ወይስ ስንፍና?” ብለው መጡ። ስንፍና የደረሳት ምስኪኗ ሰብሊ መድረክ ላይ ላብ አጠመቃት። በዚህ ዓይነት ጋሼ ወዳጆ ተሸንፈው አያውቁም፤ እሳቸው ግን የችሎታቸው ውጤት ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ ሰብሊ የራሷ ጥያቄ ነበራት። ሰፈሩ ሲፈርስ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ እሷም እናቷን ይዛ ከተማ ዳር ገብታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በታክሲ ደምበል አጠገብ ወደተከራዩት አዳራሽ ስትመጣ፣ ከካዛንቺስ የተነሳ ሰው አሁንም የካዛንቺስ ሰው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነገር ያብሰለስላታል። ይህ ርዕስ ይሁን ብላ ጋሼ ወዳጆን ብትለምናቸው፣ የሰፈር ወሬ ነው ብለው አጣጣሉባት። የዘንድሮው “እውነት ወይስ ውሸት” ነው፤ ውሸትም የሰብሊ ነው።

ሰብሊ ነገሩን ዋጥ አደረገችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በትሕትና ተነስታ፣ ለማሟሟቂያ ያህል “ርዕስ ሊቀመንበሩ ይምረጥ ወይስ አባላት?” በሚለው እንከራከር፣ ያሸነፈው ሐሳብም የማኅበሩ ደንብ ይሁን አለች። ጋሼ ወዳጆ እንደ ልማዳቸው የሊቀመንበሩን ወገን ሊይዙ ሲሉ ቀደመቻቸው።

“ጋሼ፣ ቀላሉን ለኔ ይተዉልኝ። ከባዱን ከእርስዎ ሌላ ማን ይችለዋል? ማለቴ፣ ከከበደዎት በቃ ይቅር።”

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ወጋቻቸው። ኮታቸውን አስተካክለው ወደ መድረኩ ወጡ።

የዚያን ቀን የተናገሩትን ያህል ተናግረው አያውቁም። አንድ ሰው ለሁሉ መምረጡ እብሪት ነው አሉ። ያለፉትን ርዕሶች እያነሱ ሲያብጠለጥሉማ ዳኛዋ ራሂማ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ጭብጨባው ሲያሞቃቸው ጭራሽ፣ ወገንም ቢሆን በዕጣ እንጂ በምርጫ መያዝ የለበትም ብለው ጨመሩበት። ሰብሊ በበኩሏ ሊቀመንበራችን የተማሩ ናቸው ብላ ቁጭ አለች።

ራሂማ የጋሼን ማሸነፍ አወጀች። በአዲሱ ደንብ ወዲያው ድምፅ ሲሰጥ የሰብሊ ርዕስ አዳራሹን ሙሉ እጅ አስነሳ።

ጋሼ ወዳጆ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ሰብሊን አጠገባቸው ጠሯት።

“ሆን ብለሽ ነው የተሸነፍሽው?”

“እርስዎን አሸንፎ የሚያውቅ አለ እንዴ ጋሼ?”

ሳይወዱ ሳቁ። የእሳቸውም ቤት ፈርሶ ልጃቸው ዘንድ ሰሚት ገብተዋል፤ የት ነው የሚኖሩት ለሚላቸው ሰው ግን እስከ ዛሬ ካዛንቺስ ነው የሚሉት። ዝቅ ባለ ድምፅ “አሁንም የካዛንቺስ ሰው ነው” የሚለውን ወገን እንድትሰጣቸው ለመኗት። ሰብሊ በዕጣ ይሁን ያሉት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን አስታውሳ፣ ሁለት የተጠቀለሉ የዕጣ ወረቀቶች አቀረበችላቸው።

አንዱን አንስተው ፈቱት። “አይደለም” ይላል። ጋሼ ወዳጆ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሸነፍን ተመኙ።