ጉሙ ሲጠራ

መምህር ኪዳነወልድ የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ጎንደር ወርዶ ሲመለስ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው ቢያዝን ጠፍቶ ጠበቀው።

ወሬውን ገና ከመኪና ሲወርድ ነው የሰማው። ትምህርት ቤቱ ያለው ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ነው። ከክፍሎቹ ጀርባ ያለችው ሜዳ ስታልቅ መሬቱም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ተጠማዝዞ ይታያል። ጉም የወረደ ቀን ግን መንገዱ ቀርቶ የገዛ እጅም አይታይ። ቢያዝን የጠፋው እንዲህ ባለ ቀን፣ በእኩለ ቀን ነበር። ከክፍል ወጣ፤ አልተመለሰም። አገሬው ገመድ ይዞ ገደሉን እየወረደ ፈለገ። ጫማው እንኳ አልተገኘም። ፖሊስ መጥቶ ተማሪዎቹን ጠየቀ፤ ሁሉም "አላየንም" አሉ። በመጨረሻ ጉሙ አሳስቶት ገደል ገብቷል ተባለና ለቅሶ ተቀመጡ።

ኪዳነወልድ ክፉኛ አዘነ። ቢያዝን ሲስቅ ክፍሉን የሚያስቅ ልጅ ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች አባቱ አያ ምንዳዬ ናቸው ብቻቸውን ያሳደጉት። ሆኖም ትምህርት አይቆምም፤ ፈተናው እየቀረበ ነው። ሰኞ ጠዋት ጠመኔውን አንስቶ ወደ ክፍል ገባ።

ኪዳነወልድ የጎንደር ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ እሱ ግን ከዜማው ይልቅ ክርክሩን ስለወደደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲቪክስ አጠና። ከአባቱ የወረሰው ድምፃቸውን ብቻ ነው። ወፍራም፣ ሩቅ የሚሄድ፣ የቃሉን መጨረሻ ሳብ የሚያደርግ ድምፅ። ስም ሲጠራ ከሌላው ክፍል ሳይቀር ይሰማል። ተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት ድምፁን እያስመሰሉ ይሳሳቁበት ነበር።

በዚያ ሰሞን የደረሱበት ትምህርት የመንግሥት አወቃቀር ነው። ለምሳሌነት የመረጠላቸው አሜሪካን ነበር። "አሜሪካን በዲቪ ብቻ አትወቋት" ብሎ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቤቶች ሣለ። አንደኛው ቤት ሕግ ያወጣል፣ ሁለተኛው ያስፈጽማል፣ ሦስተኛው ይተረጉማል። ከየቤቱ ወደየቤቱ ቀስት አሰመረ።

"ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ሕግ አያወጣም። ሕግ ያወጡትም ራሳቸው አይፈርዱም። አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።"

"ምነው ቲቸር፣ ሰዎቹ እንዲህ እርስ በርስ ተፈራሩ?" አለ ሰውአገኝ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ። ሌላ ጊዜ ሰውአገኝ አፉን ሲከፍት የሚስቅ አይጠፋም፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀ።

"የፈሩት ሥልጣን የያዘን ሰው ሁሉ ነው፣ መልካም ሰው ቢሆንም። ሰውየው ሸጋ ነው ብለህ አትተወውም፤ ሕግ ታበጅለታለህ።"

የትነበርሽ እጇን አወጣች። የክፍሉ አለቃ ናት፤ ቃል ሳትመርጥ አትናገርም። "የምናውቀው ሰውም ቢሆን?"

"የምታውቂውም ቢሆን።"

"ድምፁን የምናውቀውም?"

ጥያቄው ግር አለው፤ "እሱም ቢሆን" ብሎ አለፈ። ወደ ዜጎች መብት ሲሻገር፣ በዚያ አገር ሕግ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ፣ ሲጠየቅም ዝም የማለት መብት እንዳለው አስረዳ። ይህን ሲናገር የሁሉም እስክሪብቶ ባንድ ጊዜ ሲሮጥ ሰማ። ለፈተና የማይመጣ ነገር እንዲህ ሲጽፉ አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ጉም ወረደ። መስኮቶቹ ነጭ ሆኑ። ኪዳነወልድ ስም መጥራት ጀመረ።

"ሰውአገኝ ወልደኢየሱስ!"

ልጁ ቦታው ላይ ተቀምጦ ዝም አለ።

"ሰውአገኝ! አትሰማም እንዴ?"

ዝም። ሌላ ጠራ፤ ዝም። ሌላ ጠራ፤ ዝም። ቀና ብሎ አያቸው። ማንም ዓይኑን አያይም፤ ሁሉም የሚያዩት ከንፈሩን ነው። ስሙ ከዚያ መውጣቱን ለማረጋገጥ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ንዴቱ ተነነ።

የትነበርሽ ተነሣች። "ቲቸር፣ አይቆጡን። ዝም ማለት መብት ነው ብለውናል።"

"እኔ እኮ የጠራኋችሁ ለስም ነው!"

"ያን ቀን ቢያዝንንም የጠሩት እርስዎ ነዎት።"

"ያን ቀን ጎንደር ነበርኩ፣ የትነበርሽ።"

"እናውቃለን። ለፖሊስም ያልተናገርነው ለዚህ ነው። ብንናገር የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።"

ከዚያ ነገረችው። ያን ቀን መምህር የለም ተብሎ ክፍል ውስጥ ሲጫወቱ ጉሙ እስከ መስኮቱ ደረሰ። ከሜዳው በኩል "ቢያዝን ምንዳዬ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ የኪዳነወልድ ድምፅ፣ መጨረሻው ሳብ ያለ። ቢያዝን "አቤት ቲቸር! መጡ እንዴ?" ብሎ እየሳቀ ወጣ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ድምፁ በስም ዝርዝሩ ተራ ይጠራቸዋል።

"ያልመለሰ አልሄደም" አለች፤ "እስካሁን ማንም አልመለሰ።"

ኪዳነወልድ ነገሩ የሐዘን ነው፣ ልጆቹ ደንግጠዋል ብሎ ሊያጽናናቸው አፉን ሲከፍት፣ ከውጭ፣ ከገደሉ አቅጣጫ ስም ተጠራ።

"የትነበርሽ ወንዴ!"

የገዛ ድምፁ ነበር። ሰው የራሱን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር። የትነበርሽ ከንፈሯን በጥርሷ ነክሳ ቆመች። ድምፁ ደግሞ ጠራ፤ ጠበቀ፤ ከዚያ ተወው።

ያን ቀን ሌላ ትምህርት አልነበረም። ኪዳነወልድ ሰሌዳውን ጠረገና "እንግዲህ ሕግ እናውጣ" አለ። ሌላ የሚያውቀው መከላከያ አልነበረውም። ተከራከሩ፤ እጅ አወጡ። በመጨረሻ ይህ ጸደቀ፦ ስም የሚጠራ ሰው በር አይከፍትም። በር የሚከፍት ሰው አይወስንም። የሚወስን ሰው አይጠራም፣ በርም አይነካም። በሩን ለሰውአገኝ ሰጡ፣ ይከፈት አይከፈት የሚለውን ውሳኔ ለየትነበርሽ። ውሳኔዋን ደግሞ ክፍሉ በድምፅ ብልጫ ሊሽረው ይችላል። ሰውአገኝ "ቲቸርስ?" ሲል ኪዳነወልድ "እኔም ከሕጉ በታች ነኝ" አለ። ይህን ሲል ያን ያህል አላሰበበትም።

ሕጉ ከጸደቀ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ረፋድ ከመምህራን ክፍል ወጥቶ ሜዳውን ሲያቋርጥ ጉሙ መሐል መንገድ ላይ ያዘው። በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ በሩ ደረሰና አንኳኳ።

"እኔ ነኝ። ክፈቱ።"

"ማነዎት?" አለች የትነበርሽ ከውስጥ።

"ኪዳነወልድ።"

"ኪዳነወልድ" አለ የገዛ ድምፁ፣ ክንድ ከማይሞላ ርቀት፣ ከቀኙ።

ዞረ። ጉም ብቻ ነው።

ከውስጥ የትነበርሽ እንደገና ጠየቀች። "ትናንት ምን አስተማሩን?"

"ስለ ዳኞች አሿሿም" አለ ኪዳነወልድ። ጎኑ ያለው ድምፅ እኩል አብሮት አለው፤ እንዲያውም በመጨረሻው ቃል ቀደመው። ክፈቱ ብሎ ሊጮኽ ፈለገ፤ ቢጮኽ ያኛውም እንደሚጮኽ ገባው።

የትነበርሽ ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቃሉ ግን አልተንቀጠቀጠም። "ሁለታችሁም ዝም የማለት መብት አላችሁ።"

ኪዳነወልድ ገባው። አፉን በመዳፉ ያዘ።

ያኛው ዝም ማለት አልቻለም። "እኔ ነኝ፣ ክፈቱ" አለ። "ሰውአገኝ፣ በሩን ክፈት። ምነው ጨከናችሁ?" አለ። ማንም ሳይመልስለት ሲቀር ወደ ኪዳነወልድ ጆሮ ቀረበና ድምፁን ለወጠ። አረጀ። ሳል ገባበት።

"ኪዳኔ፣ ልጄ። ብርድ ገባኝ እኮ።"

አባቱ ነበሩ። ኪዳኔ ብሎ የሚጠራው ከእሳቸው በቀር ሰው የለም። ዕንባው በጣቶቹ ላይ ወረደ። አቤት የምትለው ቃል ጥርሱ ድረስ መጥታ ነበር፤ እጁን ነከሰ እንጂ አልለቀቃትም። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አያውቅም። በሩ ከፈት አለና የሰውአገኝ ረጅም እጅ ደረቱን ዳስሶ፣ ኮሌታውን ጨምድዶ ወደ ውስጥ ጎተተው።

የዚህ ወሬ ከትምህርት ቤቱ አልፎ አያ ምንዳዬ ጆሮ ደረሰ። አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና ማንንም ሳይጠይቁ ልጃቸው ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኪዳነወልድ አልከለከላቸውም። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ጉም ወረደ።

በዚያ ቀን የተጠራው የተማሪ ስም አልነበረም።

"አባ!" አለ የቢያዝን ድምፅ። "አባ፣ እዚህ ነኝ!"

ከልጃገረዶቹ አንዷ ፊቷን ደብተሯ ላይ ደፋች። አያ ምንዳዬ በዝግታ ተነሡ። ኪዳነወልድ ሮጦ ጋቢያቸውን ያዘ።

"አያ ምንዳዬ፣ በማርያም አይመልሱ! የሱ ድምፅ እንጂ እሱ አይደለም። እኔም የአባቴን ሰምቻለሁ። ዝም ማለት መብትዎ ነው።"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩት። "መብት ነው ወይስ ግዳጅ?"

ኪዳነወልድ መልሱን ያውቀዋል። ራሱ ነው ያስተማረው። ጋቢያቸውን ግን አልለቀቀም።

"መብት ነው" አለች የትነበርሽ ቀስ ብላ።

"መብት ከሆነማ ለኔው የተሰጠ ነው። ብፈልግ እተወዋለሁ።" ጋቢያቸውን ከእጁ በእርጋታ አላቀቁ። "አንተ አባትህን ቀብረሃል፣ መምህር። እኔ የቀበርኩት የለኝም።"

ሰውአገኝ ከበሩ የትነበርሽን አየ። የትነበርሽ ክፍሉን አየች። እጆች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ፊቷን የደፋችውም ሳትቀና እጇን አነሣች። ኪዳነወልድ አላነሣም፤ አልከለከለምም።

በሩ ተከፈተ። "አቤት ልጄ!" አሉ አያ ምንዳዬ፤ ነጩ ጉም ውስጥ ገቡ።

ጉሙ የጠራው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁሉም ወደ አፋፉ ሮጡ። ገደሉ ባዶ ነበር። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ግን አያ ምንዳዬን በላይኛው መንገድ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አግኝታቸዋለች። እየተጫወቱ ነበር አለች። "ከማን ጋር?" ሲሏት፣ ጉም ስለነበር አላየሁም አለች።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ማንንም አልጠራም። ጉም ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ጉም ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ለስም መመለስ ጀመሩ፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ በድምፅ። ዓመቱ ሲያልቅ ለፈተና ጎንደር ወረዱ።

ኪዳነወልድ ያን ጊዜ ነው አያ ምንዳዬን ሊጠይቅ የሄደው። ቀኑ ብራ ነበር። ቤቱ ከመንደሩ ገለል ብሎ ነው ያለው። ሽማግሌው ጥሪውን ሰምተው ወጡ፤ በሩን ከኋላቸው ገጠም አድርገው በረንዳው መደብ ላይ አስቀመጡት። ወፍረዋል። ልብሳቸው ታጥቧል። ስለ ገብሱ አወሩ፣ ስለ ዝናቡ።

"ብቻዎን እንዴት ይችሉታል?" አለ ኪዳነወልድ።

"ምን ብቻ አለብኝ። ሸጋ ነው።" ብድግ አሉ። "ጠላ ላምጣልህ።"

በሩን ጣሳ የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ከፈት አደረጉ። አልገቡም። እጃቸውን ወደ ክፍተቱ ሰደዱና የሞላ ጣሳ ይዘው መለሱት።

ኪዳነወልድ ጣሳውን ተቀበለ። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። አያ ምንዳዬ ዓይናቸውን ከፊቱ አልነቀሉም፤ ስለዚህ ጠጣ። ጥሩ የገብስ ጠላ ነበር፤ የሴት እጅ የጠመቀው ጠላ፤ የቢያዝን እናት ከሞተች ወዲህ ግን በዚያ ቤት ሴት የለችም። ማን ጠመቀልዎ ብሎ ሊጠይቅ አሰበና ተወው። ጨርሶ ጣሳውን መለሰላቸው።

ሽማግሌው ባዶውን ጣሳ ወደ ክፍተቱ አስጠጉት፤ ከውስጥ ተቀበሏቸው።