ከላይ ያለው ይቀድማል

"በቃ፣ አለቀ ሚጡ" አለና ታላቅ ወንድሟ በጠረጴዛው ላይ እጁን ዘረጋላት። "ግን ደህና ታግለሻል።"

እሷ እጁን አልጨበጠችም። ዓይኗን ከካርዶቹ ሳትነቅል፣ "ቆይ ጋሼ፣ ገና አልሞትኩም" አለችው።

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከመጫወቻ መደብሩ በላይ ባለው አዳራሽ ጠዋት ከተደረደሩት ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ ባዶ ሆነዋል። የተሸነፉት ወይ ቤታቸው ሄደዋል፣ ወይ ደግሞ ወንበራቸውን አዙረው ተቀምጠው የሌሎችን ጨዋታ ያያሉ። ይህ ግማሽ ፍጻሜ ነው። ከወንድምና እህቱ ያሸነፈው ከደቂቃዎች በኋላ ለዋንጫ ይቀርባል፤ ዋንጫውን የወሰደ ደግሞ አገር አቀፉ ውድድር ላይ ይሰለፋል።

እሱ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ ከኋላው "ጋሽ ቅድሚያ" ይሉታል፤ በየመስቀለኛ መንገዱ ፍሬኑን በራሱ በኩል ረገጥ አድርጎ "አሁን ቅድሚያ የማን ነው?" ሳይል ስለማያልፍ። እሷ ሆስፒታል ውስጥ ደም መርማሪ ናት። እንዳትቸኩል ተደርጋ የተሠራች ሴት ናት ይሏታል የሥራ ባልደረቦቿ፤ ነገር ግን ውጤቷን ሁለተኛ የሚያጣራ የለም።

አንድ አንድ ጨዋታ ተሸናንፈው ሦስተኛው ላይ ናቸው። ለሁለቱም የቀራቸው አንድ አንድ የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው። ተራው የእሱ ነበር፤ ተኩላውን ሆን ብሎ እንዲሞት ላከው፣ ተኩላውም ሞተ። የእሱ ካርድ "ቀባሪው" ይባላል፤ አውሬ በሞተ ቁጥር ከተቃራኒው ተጫዋች አንድ ነጥብ ይወስዳል። የእሷ ደግሞ "አልቃሿ" ናት፤ ሥራዋ ከቀባሪው ጋር አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ በአንድ ተኩላ ሞት ሁለቱም ባንድ ጊዜ ተነሱ። ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል፤ የዘገየው የለም።

"ተራው የኔ ነው" አለ ወንድሟ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ረጋ ብሎ። "ስለዚህ የኔ ይቀድማል። ያንቺ ሳይደርስ አልቀሻል።"

"እንደሱ አይደለም።"

"ይሄን ጨዋታ ማን ነው ያስተማረሽ?"

"አንተ።"

"እና?"

"እና ዳኛ ልጥራ" አለችና እጇን አነሳች።

እውነትም ያስተማራት እሱ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከግንብ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ሁለት ወር በጀሶ ታስራ ተኛች። እሱ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን በር ላይ ወርውሮ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ካርድ ያድላል። የደንቡ መጽሐፍ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ገጾቹ የተገነጣጠሉ ነበሩ፤ የጎደለውን ከራሱ ጭንቅላት ሞላው። ከሞላቸው አንዱ ይኸው ነበር፦ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከተነሳ ባለተራው ይቀድማል፤ ካልተስማማን ደግሞ ታላቅ ይቀድማል። አመነችው። መጸዳጃ ቤት በጀርባው አዝሎ የሚያመላልሳትን ሰው እንዴት አታምን? ደግሞም አልዋሻትም፤ ለእሱም እውነቱ ያ ነበር።

ዳኛው ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ በሥራ ቀን ሰዓት ይጠግናል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣና የሆነውን መጀመሪያ ከእሱ፣ ቀጥሎ ከእሷ ሰማ። ሁለቱን ካርዶች አንስቶ አነበባቸው።

"ተራው የርስዎ ነበር?" አለው ወንድሟን።

"የኔ ነበር።"

"እንግዲያው የርስዎ ይቀድማል።"

ወንድሟ ፈገግ ብሎ ወንበሩን ተደገፈ።

"ለመቀመጥ ነው የሚቀድመው" አለ ዳኛው። ቀባሪውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠው። አልቃሿን ደግሞ በላዩ ደረባት። "የባለተራው ከታች፣ የተቃራኒው ከላይ። ስንፈጽም የምንጀምረው ከላይ ነው። ሳህን ሲደራረብ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል አይደል? እንደዚያው። ከላይ ያለው ይቀድማል።"

ወንድሟ ሁለቱን ካርዶች እንደማያውቃቸው አድርጎ አያቸው። "እርግጠኛ ነህ?"

"ነኝ። ይግባኝ ማለት መብትዎ ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ግን እኔው ነኝ።"

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ወንድሟም ሊስቅ ሞክሮ ግማሽ መንገድ ላይ ተወው። አንዷ ነጥቡ ሄደች። በዚህ ጊዜ እጇን የዘረጋችው እሷ ነበረች፤ እሱም አጥብቆ ጨበጣት፤ መሸነፍን እንደ ሰው ያውቅበታል። ግን እጇን አልለቀቀም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

መዋሸት ትችል ነበር። ትናንት ማታ አነበብኩ ብትለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

"ሰባት ዓመት ሆኖኛል።"

ፊቱ ላይ ሲያሰላ ታየ። በየእሑዱ ምሳ ከተበላ በኋላ እሱ ቤት ይጫወታሉ። ሰባት ዓመት ማለት ስንት እሑድ ነው?

"ቤት ስንጫወትስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ባለተራው ይቀድማል እያልኩ ስወስደው ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር?"

"ቤት ነዋ፣ ጋሼ። ለጨዋታ ነው።"

"አዘንሽልኝ ማለት ነው።"

"አላዘንኩልህም። አከበርኩህ።"

"እኔ ተማሪዬን ስህተቱን ሳልነግረው ባከብረው፣ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ይሞታል" አለ። "ያውም አስተማሪዬ ያከብረኝ ነበር እያለ።"

እጇን ለቀቀ። ካርዶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተና በደረጃው ወረደ። ዳኛው ከዋንጫው ጨዋታ በፊት ሩብ ሰዓት ዕረፍት እንዳላት ነገራት፤ ውኃ ጠጪ፣ እግርሽን አፍታቺ አላት።

ማሸነፏ አልቆጫትም። ያ ካርድ የእሷ ነበር፣ ደንቡም ከእሷ ጋር ነበር፤ እንደገና ቢመጣም እጇን ታነሳለች። የቆረቆራት ሌላ ነው። ሙሉውን የደንብ መጽሐፍ አንብባ ደንቡን ባወቀች በመጀመሪያው እሑድ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ግን እናታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር፤ እሱ "ታላቅ ይቀድማል" ብሎ ካርዷን ሲያነሳ እናታቸው እስክታነባ ሳቀች፤ እሷም የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። ያን ዕለት ይሉኝታ ነበር። በሁለተኛው እሑድ ቀለል አላት። ከሦስተኛው በኋላ ልማድ ሆነ። ሥራ ቦታዋ ላይ እንዲህ አታደርግም። ስሙ የተሳሳተ ብልቃጥ የላከው ዋና ሐኪሙ ራሱ ቢሆን ትመልሰዋለች፤ የማንንም ፊት አይታ ውጤት ጽፋ አታውቅም። ለገዛ ወንድሟ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ የሐሰት ውጤት ስትጽፍለት ኖረች።

ውኃውን ሳትጠጣ ወረደች።

ወንድሟ መደብሩ ደጃፍ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የሄደ መስሏት ነበርና ደንገጥ አለች። ጉልበቱ ላይ ከመደብሩ የተዋሰው ወፍራም የደንብ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠግቷል።

"ሰውየው ልክ ነው" አለ ቀና ሳይል። "እዚህም የሳህኑን ነገር ጽፎታል። ሳህን ሳይል ነው እንጂ።"

አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሁለቱም የራሴ ቢሆኑስ?" አለ። "ባንድ ጊዜ የተነሱት ሁለቱም የኔ ካርዶች ቢሆኑ ማን ይቀድማል?"

"የራስህን አንተ ነህ የምትደረድረው። እንደፈለግህ።"

"እሱ ይሻላል።" መጽሐፉን ዘጋው። "ስሚ ሚጡ። ከእንግዲህ ቤትም በመጽሐፉ ነው። እንዳታዝኚልኝ።"

"እሺ።"

"እሺማ ልማድሽ ነው፤ ሰባት ዓመት እሺ ስትይ ኖረሻል። በይ፣ ዋንጫው እስኪደርስ አንድ እንሞክር።"

ካርዶቹን ከኪሱ አውጥቶ በመካከላቸው ባለው ድንጋይ ላይ ዘረጋ። ነፋሱ እንዳይወስድበት አንዱን በመኪናው ቁልፍ አስያዘው። ከመጀመሪያ አልጀመሩም፤ ከመሐል ነው። ለእሱ አራት የሕይወት ነጥብ ሰጡት፣ ሁለት ካርዶች ከፊቱ። "ጠባቂው" አውሬ ሲሞት ለጌታው አንድ ነጥብ ይጨምራል። "ጎተራው" ደግሞ አውሬ ሲሞት፣ ጌታው አምስት ነጥብና ከዚያ በላይ ካለው ብቻ፣ ሁለት አዲስ ካርዶች ያስወስዳል። እሷ ጅቧን እንዲሞት ላከች፤ ጅቡም ሞተ። የእሱ ሁለቱም ካርዶች ተነሱ።

ወንድሟ እጆቹን አፋተገ። ነገሩ ወዲያው ነው የገባው፤ መጀመሪያ ነጥቡን ከአራት ወደ አምስት ማድረስ፣ ከዚያ ጎተራውን መክፈት።

"መጀመሪያ ጠባቂው" አለና አስቀመጠው። "ቀጥሎ ጎተራው።" በላዩ ደረበው።

እሷ አየች። ጎተራው ከላይ ነው። የሚቀድመው እሱ ነው፤ ገና በአራት ነጥብ።

እሱ ካርዱን ከለቀቀ በኋላ ነው ያየው። ጣቶቹ ተመልሰው ጎተራው ላይ አረፉ፤ ቀና ብሎም በዚያ በየእሑዱ በምታውቀው ፈገግታ ተመለከታት።

"ቆይማ፣ ላገላብጠው። እጄ ነው የቸኮለው።"

"አገላብጠው" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሰባት ዓመት የተለማመደ ቃል ነውና ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው። ከላይ በመስኮቱ ዳኛው የዋንጫ ተፋላሚዎቹን ጠረጴዛ ቁጥር ሲጠራ ተሰማ።

"የለም፣ ጋሼ" አለችው። "ያስቀመጥከው ተቀምጧል። ከላይ ጀምር።"

ወንድሟ ፈገግታውን ሳይጨርስ ትንሽ አያት። ከዚያ ጎተራውን አነሳና እንደ አዲስ አነበበው።

"አራት ነው ያለኝ" አለ። "ምንም አላገኝም።"

"ምንም አታገኝም" አለችው፤ ሁለተኛውን ካርድ እስኪያነሳም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።