አየር የማያሳድረው ጎሚስታ

አባቴ ጎሚስታ ነው። ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲነፋ ኖሮ የማይሽረው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ የአየር ጋን ሞልቶ አያድርም። ሱቁን ሲዘጋ ቫልቩን ይከፍተዋል፣ ጋኑ ያፏጫል፣ እኛም ከሱቁ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ቤታችን ውስጥ ሆነን «መጣ» እንባባላለን። በወጣትነቱ የሠራበት ጋራዥ ውስጥ አንድ የዛገ ጋን ፈንድቶ ጣሪያውን ይዞት ሄዷል። ማንም አልተጎዳም፤ ድንጋጤው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

የእኔ ሥራ ደግሞ አየር ማሳደር ነው። ቀን የፀሐይ ኃይል ኮምፕሬሰሩን ያሠራል፣ ኮምፕሬሰሩ አየሩን ጋን ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ ሲመሽ አየሩ እየወጣ ትንሽ ጄኔሬተር ያዞርና መብራት ይሰጣል። ሌላ ቦታ ስላጣሁ ጋኑን ሱቁ ጥግ ተከልኩት። አንድ ሙከራ ሳይሳካልኝ ቀርቶ ስለነበር፣ ዛሬም መብራቱ ካልበራ ዕቃው ተነቅሎ እንደሚመለስ አለቃዬ ነግራኛለች።

አመሻሽ ላይ አለቃዬን ከአውቶቡስ ተቀብዬ ስንመጣ ፉጨቱን ከመንገዱ ማዶ ሰማሁት። ሮጬ ስገባ የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል።

«ሞልተሽው ሄደሽ ነበር» አለኝ እጁን እየጠረገ። «እንዳይፈነዳብሽ ብዬ ነው።»

«አባባ፣ የቀኑን ፀሐይ በሙሉ ለቀቅከው።»

አለቃዬን ሲያይ ነገሩ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አየሩን ከመልቀቁ በፊት ሱቁ ውስጥ ያሉትን የከባድ መኪና ጎማዎች ከጋኑ ሞልቶ እንደነበር ነገረኝ፤ እንዲሁ መድፋት አላስችል ብሎት። ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበርክኮ ጎማዎቹን ከጄኔሬተሩ ጋር በጎማ ቱቦ አገናኘልኝ። አምፖሉ በራ፤ አለቃዬ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ጠፋ።

አለቃዬ ሳቀች፤ ነገ ጋኑን እንድሞላና ከነገ ወዲያ ፀሐይ ሳትወጣ መጥታ እንድታየው ተስማማን። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አባት፣ ያሳድሩታል?»

ከእኔ ይልቅ ጋኑን አየው። «ላሳድር» አለ።

በማግስቱ ግፊት ሲበዛ አየሩን በራሱ ስለሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭ ሁለቴ አስረዳሁት። ሐኪም እንደሚሰማ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ሱቁ ያለ ፉጨት ተዘጋ። ከእራት በኋላ ክፍሌ ስገባ አልጋዬ የለም፤ ሳሎን ወስዶ አንጥፎልኛል። እሱ እዚያው ክፍሌ ውስጥ፣ ከሱቁ ጋር በምንጋራው ግድግዳ ሥር፣ ፍራሽ ዘርግቶ ተጋድሟል።

«ወገቤን ነው» አለኝ። «መሬት ይሻለኛል።»

ወገቡን አሞት አያውቅም። ብከራከረው ተነሥቶ ጋኑን እንዳያስተነፍስብኝ ብዬ ብርድ ልብሴን ደርቤለት ወጣሁ።

አምፖሉ ጎህ ሳይቀድ በራ፤ አለቃዬ ጥያቄዎቿን ሁሉ ጨርሳም አልጠፋም። አባቴ ብርድ ልብሴን እንደተከናነበ፣ እንቅልፍ ያጣ ዐይኑን እያሻሸ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አደረ?»

«አደረ።»

«ጥሩ» አለና መብራቱን ትንሽ አየው። «አሁን አልጋሽን መልሺ፤ እኔ ልተኛበት።»